የአባቴ ውስጥ እግር ላይ ያየሁት ጥቁር ነገር

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ዕድሜዬ 41 ነው፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የምኖረው አዲስ አበባ ነው።

አባቴ 67 ዓመታቸው ነው። ገበሬ ናቸው፤ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ነው የሚኖሩት። ለትንሿ ልጄ ክርስትና ብለው ከሦስት ሳምንት በፊት መጡልኝ። የመጡ ዕለት ማታ፣ ልጅ ሆኜ እንደማደርገው፣ ውሃ አሙቄ በሳፋ እግራቸውን ላጥብ ቁጭ አልኩ። "ተይ፣ ደክሞሻል" አሉኝ። እምቢ አልኩ። ቀኙን አጥቤ ግራውን ላነሳ ስል ሸሸግ አደረጉት። ገልብጬ ሳየው ውስጥ እግራቸው ላይ፣ ወደ ተረከዙ ጠጋ ብሎ፣ ጥቁር ነገር አለ። ስፋቱ የሃምሳ ሳንቲም ያህላል። አንዱ ጎኑ ከሰል ይመስላል፣ ሌላው ጎኑ ቡናማ ነው። ጠርዙ የተቀደደ ወረቀት ነው የሚመስለው። መሃሉ ተሰንጥቋል። ካልሲያቸው ላይም ደርቆ የተጣበቀ ነገር አየሁ።

"ይሄ ምንድን ነው አባዬ?" አልኳቸው። "እሾህ ናት። ውድማ ላይ ወግታኝ ነው" አሉ። መቼ? "ሁለት ዓመት፣ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው።" ስጨቀጭቃቸው ጊዜ፣ መጀመሪያ ትንሽ ነጥብ እንደነበረችና ቀስ እያለች እንደሰፋች ነገሩኝ። አንድ የአገር መድኃኒት አዋቂ ቅጠል ወቅጦ ለጥፎላቸው ነበር። ጠፋች ሲሏት ተመለሰች። አሁን ደግሞ ሰውየው "ከአዲስ አበባ ሲመለሱ እንተኩሳታለን" ብሏቸዋል።

ያን ሌሊት ስልኬን ይዤ ጎግል ገባሁ። ባልገባ ይሻለኝ ነበር። ፎቶዎቹን ካየሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። በየቀኑ ካልሲያቸውን ተደብቄ አያለሁ፣ ደም ይኖረው ይሆን እያልኩ።

ባለቤቴ "ነገ ዛሬ ሳትይ ሐኪም ቤት ውሰጃቸው" ይላል። አገር ቤት ያለው ታላቅ ወንድሜ "ቢላ ከነካው ይሰራጫል፤ ጸበል ነው የሚሻላቸው" አለኝ። አሜሪካ ያለው ታናሼ ደግሞ "ውሰጃቸው፣ ግን ካንሰር የሚባል ስም እንዳትጠሪባቸው፤ በድንጋጤ ነው የሚሞቱት" ብሎ አስምሎኛል።

አንድ ነገር ልጨምር። እማዬ ያረፈችው የዛሬ ስድስት ዓመት በጡት ካንሰር ነው። "ቁስለት ነው፣ ይድናል" እያልን እስከ መጨረሻው ደበቅናት። ልታርፍ አንድ ሳምንት ሲቀራት "እኔ እኮ አውቃለሁ። እንዳትጨነቁ ብዬ ነው ዝም ያልኩት" አለችኝ። እስከ ዛሬ ያቺ ቃል ትበላኛለች። አባዬም ከዚያ ወዲህ "እኔን ሐኪም ቤት አትወስዱኝም" ይላሉ። አሁን ደግሞ ጤፉ ደርሷል፣ ሰኞ አገሬ እገባለሁ ብለዋል።

ካንሰር ነው ብለው ያስባሉ? እምቢ ያሉ አባትን እንዴት ይወስዷል? ከሆነስ ልንገራቸው ወይስ ልደብቃቸው?

እንቅልፍ ያጣሁት ልጃቸው፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ ዓይኔ የቀረው እግራቸውን ሸሸግ ያደረጉበት ቦታ ላይ ነው። እሾህ የወጋው ሰው እግሩን አይደብቅም። "እስኪ መርፌ አምጪና አውጪልኝ" ብሎ ይዘረጋል እንጂ። አባትሽ ግን ሸሸጉ። አንቺ ሌሊት ስልክሽ ላይ የምታስቢውን እሳቸውም በራሳቸው መንገድ እያሰቡት ይመስለኛል። ይቺን ያዥልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

ካንሰር ነው ወይ ላልሽው፣ አላውቅም። ሐኪም አይደለሁም። ብሆንም በደብዳቤ አልነግርሽም ነበር። የእኛ ዓይነት ቆዳ ያለው ሰው ውስጥ እግሩና መዳፉ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ቢገኝበት የተለመደ ነው። እስኪ የራስሽን ውስጥ እግር ገልብጠሽ እዪው፣ አንድ ሁለት አታጪም። ፊት ላይ ስትሆን "ማርያም ስማው ነው" እንላለን። ውስጥ እግር ላይ ስትሆን ስም እንኳ አላወጣንላትም፤ ማን አይቷት! አብዛኞቹ ምንም የማያደርጉ ናቸው። እግር ላይ የሚወጣ ኪንታሮትም ጥቁር ነጠብጣብ ይኖረዋል። ጫማ እያሻሸው ተረከዝ ውስጥ የረጋ ደምም ጥቁር ሆኖ ይታያል። ውስጡ የቀረ እሾህ ነው ቢባልም የማይሆን ነገር አይደለም።

ይሄን ብዬ ግን "አይዞሽ፣ ምንም አይደለም" ልልሽ አልችልም። የቆዳ ሐኪም ጓደኛ አለችኝ። ያንቺን ስም ሳላነሳ አባትሽ እግር ላይ ያየሽውን ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና "ለመቼ ነው ቀጠሮ የያዙት?" አለችኝ። ሐኪሞች አንድ ጥቁር ነገር ሲያዩ የሚፈሩት ሁለቱ ጎኑ ሳይመሳሰል ሲቀር፣ ጠርዙ ሲቆራረጥ፣ ቀለሙ ሲደባለቅ፣ ከ6 ሚሊ ሜትር ማለትም ከእርሳስ ላጲስ ጫፍ ሲሰፋ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሲለዋወጥ ነው። እግር ላይ ሲሆን ደግሞ የሚደማ፣ ወይም ሁለት ወር ሞልቶት የማይድን ቁስል ካለ ሳይታይ አይታለፍም። የአባትሽ ከእነዚህ አብዛኛውን ያሟላል። ይሄ ማለት ካንሰር ነው ማለት አይደለም። በዚህ ሳምንት ሐኪም ይየው ማለት ነው።

"የቆዳ ካንሰር የፈረንጅ በሽታ ነው" የሚል ሰው ቤታችሁ ውስጥ ካለ፣ ግማሽ እውነት አለው። ሜላኖማ የሚባለው፣ ለቆዳ ቀለም ከሚሰጡት ሴሎች የሚነሳው ካንሰር፣ ነጮችን በጣም ያጠቃል፤ እነሱ ላይ ከፀሐይ ጋር ይያያዛል። ጥቁር ሰው ላይ በቁጥር ትንሽ ነው። ሲመጣ ግን ፀሐይ የማያውቀው ቦታ ይመርጣል። ውስጥ እግር፣ መዳፍ፣ ጥፍር ሥር። ክፋቱ ደግሞ እዚያ ማንም አያየውም። ለዚህ ነው ጥቁር ሰው ላይ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ የሚገኘው።

የቦብ ማርሌን ታሪክ ሰምተሽ ይሆናል። በ1997 ዓ.ም. ስድሳኛ የልደት በዓሉ መስቀል አደባባይ ላይ ሲከበር አዲስ አበባ ነበርሽ? እኔ ነበርኩ። ያን ሁሉ ሕዝብ ሳይ፣ ይሄ ሰው የሞተው ከእግሩ አውራ ጣት በጀመረ በሽታ መሆኑን ስንቱ ያውቃል ብዬ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 የቀኝ እግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር ቁስል ወጣበት። ኳስ ይወድ ስለነበር የኳስ ጉዳት ነው ተባለ። ሲመረመር ሜላኖማ ሆኖ ተገኘ። ጣቱ ይቆረጥ ሲሉት አልፈለገም። በ1981 ሲሞት ገና 36 ዓመቱ ነበር። እሱ ኳስ አለ፣ አባትሽ እሾህ አሉ። እግር ሁልጊዜ የሚያላክክበት አያጣም። እሾኋ እውነት ወግታቸው ሊሆን ይችላል። ግን ሦስት ዓመት ሙሉ እየሰፋች የምትሄድ እሾህ አይቼ አላውቅም።

አሁን ከሁሉ የሚያስቸኩለኝን ልንገርሽ። የአገር መድኃኒት አዋቂው እንዳይተኩሳት። ጭራም አይታሰርባት፣ በምላጭም አትነካ፣ ቅጠልም አይጨመርባት። ሰውየውን ለማጣጣል ብዬ አይደለም፤ ስብራት የጠገነ፣ ወለምታ ያሸ ስንት ሰው አለ። ይሄኛው ግን ሌላ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ካንሰር ሆኖ ከተገኘ፣ ሐኪሙ ከምንም በላይ ማወቅ የሚፈልገው ወደ ውስጥ ስንት ሚሊ ሜትር እንደገባ ነው። ሕክምናውም ተስፋውም የሚወሰነው በዚያ ነው። ላዩን ከተኮሱት የሚለካው ነገር ይቃጠላል። ላዩ የዳነ ይመስላል፣ ሥሩ ይቀራል። ቅጠሉ ተለጥፎ "ጠፋች ሲሏት ተመለሰች" ያልሽውን ሳነብ ሆዴን ያመመኝ ለዚህ ነው። ምን ቅጠል እንደነበር፣ ከተለጠፈ ስንት ጊዜ እንደሆነው ጠይቂያቸውና ለሐኪሙ ንገሪው። ተደብቆ የሚጠቅም ነገር የለውም።

ታላቅ ወንድምሽ "ቢላ ከነካው ይሰራጫል" ያለው ከየት እንደመጣ ይገባኛል። በየሰፈሩ የሚነገር ታሪክ አለ። እገሌ ደህና ነበር፣ ቀደዱት፣ በወሩ ሞተ። ግን እገሌ ሐኪም ቤት የሄደው መቼ ነበር? አብዛኛውን ጊዜ በሽታው አስቀድሞ ሌላ ቦታ ከደረሰ በኋላ ነው። ናሙና መውሰድ ሜላኖማን አያሰራጭም። መዘግየት ነው የሚያሰራጨው። ገና ሥር ሳይሰድ የተገኘ ግን ብዙ ጊዜ በዙሪያው ካለ ደህና ቆዳ ጋር ተቆርጦ ይወጣና በዚያው ያበቃል።

ሐኪሙ ጋ ምን እንደሚሆን ልንገርሽ፣ አባትሽም ይህን አስቀድመው ቢሰሙ ደስ ይለኛል። ሰው የሚፈራው የማያውቀውን በር ነው። መጀመሪያ እግራቸውን መብራት ባለው አጉሊ መነጽር ያዩታል። ውስጥ እግር ላይ እንደ ጣት አሻራ የተሰመሩ መስመሮች አሉ አይደል? ክፉ ያልሆነው ቀለም አብዛኛውን ጊዜ በመስመሮቹ ሸለቆ ነው የሚተኛው። የሚያሰጋው ደግሞ በጉብታቸው ላይ። ይሄን መጀመሪያ ስሰማ እኔም መብራት ይዤ የራሴን እግር ሳይ አመሸሁ። ቀጥሎ ብሽሽታቸውን ይዳብሳሉ፣ ንፍፊት ካለ ብለው። ሌላኛውን እግር፣ መዳፋቸውንና ጥፍሮቻቸውንም ያያሉ። ከዚያ በማደንዘዣ መርፌ አደንዝዘው ናሙና ይወስዳሉ። ማደንዘዣው ሲገባ ውስጥ እግር ያማል፣ አልዋሽሽም፤ ግን ደቂቃ ነው። የዚያኑ ቀን ቤት ይመለሳሉ። አንድ አደራ አለኝ፤ የተቆረጠው ነገር ወደ ፓቶሎጂ፣ ማለትም ናሙና ወደሚመረመርበት ክፍል፣ መሄዱን ጠይቀሽ አረጋግጪ። "ቆረጥነው፣ አለቀ" ከተባልሽ አላለቀም። ውጤቱ ስንት ቀን እንደሚፈጅና የሚደውለው ማን እንደሆነም እዚያው ጠይቂ፤ አለበለዚያ መጠበቁ ራሱ ያሳምምሻል።

የት? የቆዳ ሐኪም ያለበት የግል ክሊኒክ ብትሄጂ ፈጠን ይልልሽ ይሆናል፤ ግን ናሙና ይወስዱ እንደሆነ አስቀድመሽ በስልክ ጠይቂ። ወደ መንግሥት ሆስፒታል ከሆነ ሪፈር ስለሚጠይቁ ከጤና ጣቢያ ጀምሪ። በቆዳ ሕክምና ስሙ የቆየው ዘነበወርቅ ሰፈር ያለው አለርት ሆስፒታል ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ተጠንቀቂልኝ። አባትሽ ያሉበት ዕድሜ ላይ ያለ ሰው "ዘነበወርቅ" ሲባል የሚሰማው ሌላ ነገር ነው። ሰፈሩ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም በተሰየመው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ነው የሚታወቀው። አለርትም እ.ኤ.አ. በ1965 ሲቋቋም ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ ነበር። ዛሬ ለማንኛውም የቆዳ ችግር ሰው ይሄዳል። ይሄን ሳታስረዪ ታክሲው በሩ ላይ ቢያቆማችሁ፣ አባትሽ ምን ሊያስቡ እንደሚችሉ አስቢው። መንገድ ላይ ሳይሆን ቤት ውስጥ ንገሪያቸው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደብተር ካላቸውም ጠይቂያቸው። ካለ በራሳቸው ጤና ጣቢያ በኩል የሪፈር ሥርዓቱን ተከትሎ ነው የሚሠራው፤ ታላቅ ወንድምሽ እዚያ ሄዶ ሊያጣራ ይችላል።

ታላቅ ወንድምሽን ካነሳሁ፣ ከእሱ ጋር በጸበል ጉዳይ እንዳትጣዪ። ጸበልና ሐኪም ጠላት አይደሉም። ጠዋት ጸበል ጠጥተው ረፋድ ላይ ሐኪም ጋ ይሂዱ፤ ማን ከለከለ? ቁስሉ ክፍት ስለሆነ ብቻ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኚው። የነፍስ አባታችሁ ለምን አይነገራቸውም? መድኃኒታችሁን አታቋርጡ የሚሉ ብዙ ካህናት አውቃለሁ። አንድ ቃል ከእሳቸው ቢወጣ አንቺ ሳምንት ሙሉ ከምትለምኚው ይበልጣል። የቀጠሮውን ቀን ግን በምንም አትደራደሪበት።

አሜሪካ ያለው ወንድምሽ ደግሞ... ውጭ አገር ያለ ወንድም በቴሌግራም ሐኪምም ዳኛም ይሆናል፣ ይሄ የሁላችንም ቤት ነው። በፍቅር ነው፣ አውቃለሁ። እሱን ሥራ ስጪው። "የምርመራውን ወጪ አንተ ያዝ፤ እኔ እግሬንና ጊዜዬን እይዛለሁ" በዪው። የሩቅ ሰው ጭንቀት መውጫ ካላገኘ ትእዛዝ ይሆናል።

ወደ እምቢታቸው እንምጣ። "ሐኪም ቤት አትወስዱኝም" ያሉት ከእናትሽ በኋላ ነው ብለሻል። ስለዚህ ይሄ ግትርነት አይመስለኝም። ለእሳቸው ሐኪም ቤት ማለት ሚስታቸው ገብታ ያልወጣችበት ቤት ነው። ይሄን ጠይቀሻቸው ታውቂያለሽ? "አባዬ፣ የእማዬ ነገር ነው የሚያስፈራዎት?" ብለሻቸው ታውቂያለሽ? ስድስት ዓመት ሙሉ ማንም ሳይጠይቃቸው ቆይቶ ቢሆን አይገርመኝም። ስትጠይቂ መልስ አትቸኩዪ። ዝም ካሉ ዝም በያቸው። እግር እየታጠበ ዝም ማለት አይከብድም።

ከዚያ ደግሞ ጤፉ አለ። ይሄን እንደ ሰበብ አትይው። ለገበሬ የደረሰ ጤፍ ቀልድ አይደለም፤ ነፋስና ዝናብ ቢያገኘው የዓመት ልፋት መሬት ላይ ይቀራል። "ጤፉ ይቅር፣ ጤናዎ ይበልጣል" ካልሻቸው አልገባሽም ብለው ይዘጉሻል። ከዚህ ይልቅ ለታላቅ ወንድምሽ ዛሬ ደውዪ። ጸበሉን ካሰበ ጤፉንም ያስብ። ደቦውን ማን ይጠራል? ጠላው ተጠምቋል? በሬዎቹን ማን ያያል? ይሄ ሁሉ መልስ ካገኘ በኋላ ለአባትሽ "ጤፉ ሐሙስ ይታጨዳል፣ እነ እገሌ ይመጣሉ" በያቸው። የሰኞው መንገድ ግማሹ እዚያ ላይ ይፈታል።

ስትነግሪያቸውም ረዥም ንግግር አታዘጋጂ። እኔ ብሆን እንዲህ እላለሁ፦ "አባዬ፣ እግርዎ ላይ ያለችው ነገር እሾህ አልመሰለችኝም። አስፈርታኛለች። ሐኪም ይያት፤ እኔም አብሬዎት እገባለሁ።" ከዚህ ውስጥ ውሸት የለም። ካንሰር የሚለው ቃልም የለም፤ ምክንያቱም ገና አታውቂውም። በፎቶ አይተሽ የበሽታ ስም መስጠት የአንቺ ሥራ አይደለም። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" የሚለውን ተረት ከአንቺ በፊት ያውቁታል፤ ምናልባት አንቺን ያስተማሩሽ እሳቸው ናቸው። ቢያስፈልግ መልሺላቸው።

ውጤቱ ሲመጣስ? አሜሪካ ላለው ወንድምሽ ምለሽለታል። መሐላውን ያስያዘሽ ፍቅር ነው፤ ግን እግሩ የአባትሽ ነው። እኔ የማስበውን ልንገርሽ። ደብቂያቸውም አልልሽም፣ ሄደሽ አፍርጪውም አልልሽም። ራሳቸውን ጠይቂያቸው። ያውም ውጤቱ ሳይመጣ፣ አሁን። "አባዬ፣ ሐኪሙ የሚለውን ሁሉ እርስዎ መስማት ይፈልጋሉ ወይስ ለእኔ ይንገረኝ?" በዪ። "አንቺ ስሚ፣ እኔ ምን ያደርግልኛል" ካሉ ሸክሙን በፈቃዳቸው ሰጡሽ ማለት ነው፤ መደበቅ አይባልም። "እኔው ልስማ" ካሉ ደግሞ መሐላሽን የሚፈታው የእሳቸው ቃል ነው። ወንድምሽንም እንዲህ ብለሽ ንገሪው፦ "ጠየቅኳቸው፣ እንዲህ አሉኝ።"

ባህላችን ክፉ ወሬ መንገር አያውቅም ሲባል እሰማለሁ። አልስማማም። መርዶ የምንናገር ሰዎች ነን። ሰዓቱ ይመረጣል፣ ጎህ ሳይቀድ ይኬዳል፣ የሚነግረው ሽማግሌ ይመረጣል፣ የሚደግፍ ሰው በግራ በቀኝ ይቆማል። ሳይነገር ግን አይቀርም። በሽታ ላይ ስንደርስ ነው ያን ሁሉ ጥበብ ጥለን "ቁስለት ነው" የምንለው። እናትሽ ብቻዋን አወቀች። እናንተም ብቻችሁን አወቃችሁ። አንድ ቤት ውስጥ ሆናችሁ ተደባበቃችሁ። በዚህ ራስሽን አትውቀሺ። የዚያን ጊዜ የምታውቂው ያንን ነበር። "እንዳትጨነቁ ብዬ ነው" ያለችሽም ልትወቅስሽ አይመስለኝም። እንደውም ስታነቢው ምን ይመስልሻል? እኔ የእናት ቃል ነው የመሰለኝ።

የማትነግሪኝ ግን የማነበው አንድ ነገር አለ፤ አንቺ ደክመሻል። ካልሲውን ማየት ዛሬ አቁሚ። በምትኩ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በቀን ብርሃን፣ ማስመሪያ አጠገቡ አድርገሽ፣ እሳቸውን አስፈቅደሽ ፎቶ አንሺው። ቀኑን ጻፊበት። ለሐኪሙ ይጠቅማል። ከዚያ ስልኩን ለባለቤትሽ ስጪው፤ ቀጠሮ የሚይዘው እሱ ይሁን። ሌሊት ጎግል መግባት ደግሞ ምንም አይነግርሽም፤ ኢንተርኔት ላይ የሚለጠፈው ሁሌም የከፋው ፎቶ ነው።

ቢያልፍ ብዬ የምመኘውን ያህል፣ ባያልፍም የሚሆነውን በአጭሩ ልበልሽ። ውጤቱ ሜላኖማ ቢሆን ሐኪሙን የምትጠይቂው "ስንት ሚሊ ሜትር ገብቷል?" እና "ንፍፊቶቹ ጋ ደርሷል?" ብለሽ ነው። መልሱን አጽፊው፤ በዚያ ሰዓት ጆሮ አይሰማም። ሰፋ ያለ ቀዶ ጥገና፣ ምናልባት ከሌላ ቦታ ቆዳ አምጥቶ መሸፈን ሊያስፈልግ ይችላል። ጥቁር አንበሳም ሊልኳችሁ ይችላሉ። ያን ጊዜ እንደገና ጻፊልኝ፣ አሁን ከዚያ አትጀምሪ። ውጤቱ ሌላ ነገር ቢሆንም ጻፊልኝ፤ ደስታም ይነገራል።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ጎግሉን ተይና ውሃ አሙቂ። ስታጥቢያቸው በግራው እግር ጀምሪ፣ ሸሸግ ሳያደርጉት። መጀመሪያ በሬዎቹን ማን እንደያዘላቸው ጠይቂያቸው።